ሐተታ ዕፀዋት ዘገለጉ፦ ቅጠል የሌለውን ዛፍ በዘመነ ሐጋይ ስለ ማወቅ

አባቶቻችን በሥነ ፍጥረት ትምህርታቸው እግዚአብሔር በሦስተኛው ቀን፣ በዕለተ ሠሉስ፣ ምድር ታብቅል ብሎ ባዘዘ ጊዜ ሦስት ወገን ፍጥረት እንደ ተገኘ ያስተምራሉ፤ እነዚህም በእጅ የሚለቀሙ አትክልት፣ በማጭድ የሚታጨዱ አዝርዕት፣ በምሣር የሚቆረጡ ዕፀዋት ናቸው። ይህ አከፋፈል ከተነገረ ብዙ ዘመን አልፎታል፤ ይሁን እንጂ አንድ ሰው ማለዳ ከቤቱ ሲወጣ በእጁ የያዘውን አይቶ የትኛውን የፍጥረት ወገን ሊጎበኝ እንደሚሄድ ለማወቅ የሚያስችል ሌላ የዕፀዋት ትምህርት እስከ ዛሬ በዓለም ላይ አልተገኘም። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1735 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በአበባ ውስጥ ያለውን የወንዴ ክፍል እየቆጠረና እየለካ፣ ዕፀዋትን ሁሉ በ24 ክፍል መድቦ ለአውሮፓ ሊቃውንት አስረክቧል፤ ድካሙም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በሊኒየስ ሥርዓት የሚሄድ ሰው አበባ ካላገኘ አንዲት ቃል መናገር አይቻለውም፤ በአባቶቻችን ሥርዓት የሚሄድ ሰው ግን ምሣሩ እስካልጠፋበት ድረስ አፉ አይያዝም።

የዚህ ሐተታ ዓላማ በሁለቱ ሥርዓት መካከል ዳኛ ሆኖ መቀመጥ አይደለም። በምዕራብ ጎንደር ዞን፣ በቋራ ወረዳ፣ በገለጉ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች የሚኖር ሕዝብ፣ በዘመነ ሐጋይ፣ ማለት ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ባለው ጊዜ፣ ቅጠሉን ያራገፈውን፣ አበባ ያልያዘውን፣ አንዳንዱም በሰደድ እሳት ጠቁሮ የቆመውን ዛፍ ሁሉ ያለ ማመንታት በስሙ ሲጠራው በምን ምልክት ተረድቶ እንደሆነ መርምሮ ለማቅረብ ነው። ለምርምሩ የሚሆን ዕፅ በዚህ አገር አያንስም። የገለጉ ወንዝ ወደ ሱዳን ወርዶ ከድንድር ወንዝ እስኪቀላቀል ድረስ የሚያልፈው በጫካና በቁጥቋጦ መካከል ነው፤ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ የተከለለው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ብቻውን 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ ከወሰን ማዶም እ.ኤ.አ. በ1935 ከተመሠረተው ከሱዳኑ የድንድር ፓርክ ጋር ተያይዞ ይቀጥላል። ወሰኑን እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ውል መሠረት መንግሥታት ያሰመሩት ሲሆን፣ ከዛፎቹ መካከል ግን ስለ ጉዳዩ የተጠየቀ የለም።

ወራቱም ያለ ምክንያት አልተመረጠም። በክረምት በገለጉ ዙሪያ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ስለሆነ፣ አንድ ሰው ያየውን ሁሉ "ቅጠል ነው" ብሎ ቢያልፍ ሐሰተኛ ሊባል አይችልም፤ ሰንበሌጡም ከሰው ቁመት ስለሚበልጥ መርማሪው የሚመረምረውን ዕፅ ቀርቶ ራሱንም ፈልጎ ለማግኘት ይቸገራል። ዝናቡ ካበቃ በኋላ ግን ሣሩ ይደርቃል፤ ከኅዳር ጀምሮም አንዳንዱ ለግጦሽ፣ አንዳንዱ ለማር፣ አንዳንዱም ማን እንዳስነሣው ሳይታወቅ በሚለቀቅ እሳት ይቃጠላል፤ ያን ጊዜ ዛፍ ሁሉ ከእግሩ እስከ ራሱ ዕርቃኑን ይቆማል። የብሪታንያና የአየርላንድ የዕፀዋት ማኅበር አባላት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በየዓመቱ በፈረንጆች አዲስ ዓመት፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ገደማ፣ ካፖርታቸውን ደርበው እየወጡ ቢበዛ ለሦስት ሰዓት ያህል በሜዳና በመንገድ ዳር በመዘዋወር በዚያ ብርድ ያበቡትን ዕፀዋት ይቈጥራሉ። የእነርሱን ዛፍ ያራቆተው ብርድ ነው፤ የእኛን ያራቆተው ጥም ነው። በዚያው ዕለት ገለጉ ላይ በቀትር ለሦስት ሰዓት የተዘዋወረ ሰው ግን ወደ ማታ ከቈጣሪዎቹ ወገን ወጥቶ ከጠወለጉት ወገን ይቈጠራል። አበባ ፈጽሞ የለም ማለት ግን ስሕተት ነው፤ ዛናና የእጣን ዛፍ ቅጠል ሳይኖራቸው ያብባሉ፤ ስለዚህ ሊኒየስ ራሱ ቢመጣ ጾሙን አያድርም ነበር። ችግሩ አበባው ከላይ፣ እሾሁ ከታች መሆኑ ነው፤ ትምህርትም ከታች ይጀምራል።

ወደ ዋናው ነገር ለመግባት፣ የገለጉ ሰው አባቶች ባስተማሩት በሦስቱ ወገን ላይ አራተኛ ጨምሯል፤ ይኸውም ሰው የማይለቅማቸው፣ የማያጭዳቸው፣ የማይቆርጣቸው፣ ይልቁንም እነርሱ ሰውን የሚይዙት ናቸው። በዚህ ወገን ያሉት ሁሉ በዐይን አይታወቁም፤ የሚታወቁት በእግር ነው። ኩርንችት መሬት ለመሬት ተስቦ የሚኖር ስለሆነ ማንም አጎንብሶ ሲፈልገው አይታይም፤ በረባሶ ያደረገ ሰው ግን ከጎማው ጋር ያለውን የመተላለፍ ሁኔታ በማየት፣ ማለት ጎማውን አልፎ ከመጣ ኩርንችት ነው፣ ጎማው ላይ ከቀረ ሌላ ነው ብሎ ይፈርዳል። ጨጎጎት በሱሪ እግር ላይ ይታወቃል። ግማርዳ የሚባለው ግራር ጥንድ ጥንድ ሆነው ወደ ታች በተቆለመሙ እሾሆቹ ሰውን በትከሻው ስለሚይዝ፣ የተያዘው ሰው ዘወር ብሎ ሳያይ፣ በቆመበት፣ ስሙን ይጠራል፤ በዚህ ጊዜ ከስሙ አስቀድሞ የሚናገራቸው አንዳንድ ቃላት ከዕፀዋት ትምህርት ውጭ ስለሆኑ እዚህ አልተመዘገቡም።

ከሁሉም ይልቅ በስፋት ሊታተት የሚገባው ፍሬው ገባ የሚባለው ቁርቁራ ነው። ቁርቁራ በየአንጓው ሁለት እሾህ አለው፤ አንዱ ቀጥ ያለ ሲሆን ሁለተኛው የተቆለመመ ነው። ሐተታ፤ ስለምን ሁለት ሆነ ቢሉ፣ ቀጥተኛው ለሚገባ ነው፣ ቆልማማው ለሚወጣ ነው። አንድም፣ ቀጥተኛው ለሥጋ ነው፣ ቆልማማው ለልብስ ነው። አንድም፣ ቀጥተኛው "ጉዳይህ ምንድር ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ነው፣ ቆልማማው "ነገ ተመለስ" ብሎ የሚይዝ ነው፤ ይህን ሦስተኛውን ትርጓሜ ያመጣው ስለ አንድ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ የተመላለሰ ሰው በመሆኑ ሊቃውንት አልተቀበሉትም፤ ነገር ግን አልሻሩትም። ሊኒየስም እ.ኤ.አ. በ1753 ባወጣው መጽሐፉ ይህንኑ ዛፍ የክርስቶስ እሾህ ብሎ ሰይሞታል፤ አክሊለ ሦክ ከእርሱ ተጎንጉኗል ከሚለው ትውፊት የተነሣ ነው። የገለጉ ሕፃናት ግን ወደ ዛፉ ሥር የሚገቡት ለትውፊቱ ሳይሆን ለገባው ነው፤ ፊታቸውና እጃቸው ተቧጭሮ ሲመለሱ እናቶቻቸው የት እንደ ዋሉ ሳይጠይቁ ያውቃሉ። ይህም ዕፅን ባልታየበት ስፍራ በልጅ ቆዳ ላይ አንብቦ የማወቅ ስልት ነው።

እግር ካበቃበት እጅ ይጀምራል። ቅጠል የሌለውን ዛፍ ልጡን ዳስሶ ማወቅ በዚህ አገር ዋናው ዕውቀት ነው። ሱዳኖች ታልህ የሚሉት ግራር በእጅ ሲዳሰስ የዛገ ብረት ቀለም ያለው ብናኝ ይተዋል፤ ስለዚህ ነጭ ነጠላ ለብሶ የተደገፈው ሰው ቤቱ ሲደርስ ማን ላይ እንደ ተደገፈ ሚስቱ ትነግረዋለች። ክርክራ አመድማ ሆኖ ይታያል፤ ምሣር ሲያርፍበት የሚሰጠው ድምፅ ግን ባለ ምሣሩን ስለ ሌላ ዛፍ እንዲያስብ ያደርገዋል። ዳርሌ ልጡ በየቦታው እየተላጠ ልዩ ልዩ ቀለም ያሳያል፤ ፍሬው ከውጭ ልስልስ ሆኖ ከውስጥ የሚያሳክክ ጠጉር ስለ ያዘ፣ በልስላሴው ተታሎ ከፍቶ የነካው ሰው ዳግመኛ ስሙን አይረሳም። አባሎን ለማወቅ በቅርንጫፉ ላይ የቀረውን ደረቅ ፍሬ አንሥቶ ክንፉን መቁጠር ይበቃል፤ አራት ናቸው። ዲዛ ግን ምርምር አያስፈልገውም፤ አሥር ሰው ተያይዞ ሊያቅፈው የሚቸገርበትን ግንድ ይዞ፣ አብዛኛውን ዓመት ያለ ቅጠል፣ ፍሬውን በረጅም አገዳ አንጠልጥሎ ሲታይ፣ ስሙን የማያውቅ ሰው ቢኖር እንኳ ዛፉ ራሱ ያፍርለታል።

ስለ ዞቤ አንድ ነገር ተናግሮ ማለፍ ይገባል። ዞቤ ቅርፊቱን ላየው ሰው ተራ ቁጥቋጦ ነው፤ ሲቆረጥ ግን ልቡ ጥቁር ሆኖ ይገኛል፤ እንጨቱም ከመክበዱ የተነሣ ውኃ ላይ አይንሳፈፍም። በአውሮፓ ከዚህ እንጨት ክላርኔት የሚባለውን የሚነፋ መሣሪያ ይሠራሉ፤ በእኛ ዘንድ ዱላ ይሆናል። የሁለቱም ድምፅ ከሩቅ ይሰማል።

የእጣን ዛፍ በዚህ ሐተታ ውስጥ ሰፋ ያለ ቦታ ሊሰጠው የሚገባው፣ በምሣር ከሚቆረጡት ወገን ሆኖ ሳለ በምሣር ስለማይቆረጥ ነው። ቁልቁለትና ጭንጫ መርጦ ይበቅላል፤ ልጡ ስስ እየሆነ በነፋስ ይንሾካሾካል፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ከሩቅ ያየው ሰው በግንዱ ላይ በተደረደሩት ቁስሎች ያውቀዋል። አምራቾቹ ከጥቅምት ጀምሮ ምንጋፍ በሚባለው መላጫ ልጡን በትንሹ ይገፉታል፤ ከቁስሉ የወጣው ነጭ ፈሳሽ በአየር ሲደርቅ ይለቀማል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ያው ቁስል እንደ ገና ይታደሳል፤ ሥራው እንዲህ እያለ ዝናብ እስኪመጣ ድረስ ይዘልቃል። እንግዲህ ይህ ፍጥረት በምሣር የሚቆረጥ ነው እንዳይባል በምንጋፍ ይላጫል፤ በእጅ የሚለቀም ነው እንዳይባል የሚለቀመው ፍሬው ሳይሆን እንባው ነው። ጥያቄውን ለአንድ የቅኔ መምህር ብናቀርብላቸው ዕፁን ከሦስቱ አውጥተው በጥና ከሚገባው ወገን ቢመድቡት ባልተቃወምናቸው ነበር፤ ከዚህ ቆላ የወጣው እጣን በቅዳሴ ሰዓትም፣ ቡና በሚፈላበት ሰዓትም፣ በሁለቱም ቤት ሥልጣን አለውና። እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር ሰስቴናቢሊቲ በተባለ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በአብዛኛው ደን ውስጥ ወጣት የእጣን ዛፍ ስለማይገኝና ያሉት አሮጌዎቹ በእሳት፣ በከብት፣ በነፍሳትና በብዙ መላጨት ስለሚሞቱ፣ የእጣኑ ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስታውቋል። በገለጉ ዙሪያ ያለው የእጣን ደንም ልጅ ያልተጠራበት የሽማግሌ ጉባኤ ይመስላል፤ ስለዚህ ለማወቅ ቀላል ነው፤ ከሌላ ዛፍ ችግኝ ጋር የሚምታታ ችግኝ የለውም።

በበጋ አረንጓዴ ሆኖ የታየ ዕፅ ሌላ ጉዳይ ነው። በዚህ ረገድ የአገሩ የመጨረሻ ሊቅ ፍየል ናት። ፍየል በቀን ውስጥ የምትመረምረው ዕፅ ብዛት የአንድ ዩኒቨርሲቲ ክፍል በዓመት ከሚመረምረው ይበልጣል፤ ውጤቷንም ሳትዘገይ፣ በመብላት ወይም ባለ መብላት፣ ታስታውቃለች። ላሎ በበጋ ለምልሞ ቢገኝ በረጃጅም አረንጓዴ እሾሆቹ ስለ ተጠበቀ ነው፤ ፍየል ግን በእሾሁ መካከል ከንፈሯን አሹላ ቅጠሉን ትወስዳለች፤ ስለዚህ ላሎ መልካም ዕፅ እንደሆነ ይመዘገባል። ጦቢያው ደግሞ እሾህ ሳይኖረው፣ በመንገድ ዳር፣ ሰፋፊ ቅጠሉን ዘርግቶ፣ ማንንም ሳይፈራ ለምልሞ ይቆማል፤ ፍየል በአጠገቡ ስታልፍ ዞራ አታየውም፤ ነጭ ወተቱ ዐይን የሚጎዳ መርዘኛ ነውና። ከዚህ ተነሥቶ በገለጉ አንድ ሕግ ጸንቷል፤ ይኸውም በየካቲት ወር አረንጓዴ ሆኖ የታየ ነገር ወይ እሾሃም ነው፣ ወይ መርዝ ነው፣ ወይ ወንዝ ዳር ነው፣ ወይም ከቢሮ ግቢ ውስጥ በዘበኛ ውኃ የሚጠጣ ነው የሚለው ነው። ሕጉን የሚያፈርስ ምሳሌ ፈልገን አጥተናል።

የሴቶቹ ዕውቀት ከዚህ ሁሉ ይጠልቃል። ወንድ ዛፍን ቆሞ ሳለ ያውቀዋል፤ ሴት ግን ከተቆረጠ፣ ከተፈለጠ፣ ከደረቀ፣ ከነደደ በኋላ ጢስ ሆኖ ሳለ ታውቀዋለች። አንዲት እናት ጎረቤቷ ያነደደችውን እንጨት ከአጥር ማዶ በሽታው ለይታ፣ "እትዬ፣ ዛሬ ወይባ ከየት አገኘሽ?" ብላ ብትጠይቅ፣ ጥያቄው የዕፀዋት ትምህርት ብቻ አይደለም፤ ወይባ ለገላ የሚታጠን እንጨት ስለሆነ እንግዳ ሊመጣ ነው ወይስ ባል ከመንገድ ተመለሰ የሚል ሁለተኛ ጥያቄ በውስጡ አለ፤ ባለ ወይባዋም ለመጀመሪያው ብቻ መልሳ ሁለተኛውን በሳቅ ታልፋለች። ከወሰን ማዶ ያሉ የሱዳን ሴቶች ለዚሁ ጉዳይ ታልሁን ያጨሳሉ። በወንዶች መካከል ስለ ዛፍ ስም ክርክር ሲነሣ ፍርዱ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ማታ ነው፤ እንጨቱ ይቆረጣል፣ ይነድዳል፣ እናት ከጓዳ ሆና ስሙን ትናገራለች፤ ይግባኝ የለበትም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል ደርሰናል፤ እርሱም ማንም የማያውቀው ዛፍ ሲያጋጥም የሚደረገው ነው። በገለጉ ዙሪያ "አላውቀውም" የሚል መልስ በዚህ ምርምር ውስጥ አልተሰማም። ደብተር የያዘ ሰው ሁሉ በዚያ አገር ዶክተር ስለሆነ፣ ለዶክተር ባዶ እጅ መስጠት ነውር ነው። ከጥላ ሥር ከተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጋር የሚደረገው ንግግር ዘወትር በዚህ መልክ ይፈጸማል።

"አባባ፣ ይህ ዛፍ ምን ይባላል?"

"ይሄ? ይሄማ መድኃኒት ነው፣ ልጄ።"

"ለምን በሽታ ይሆናል?"

"ለብዙ ነገር ነዋ!"

"ስሙስ?"

"ስሙን የሚያውቁ አንድ ሰው ነበሩ፤ ዐረፉ።"

ይህ መልስ እንከን የለበትም። መድኃኒት ያልሆነ ዕፅ በመጽሐፍም ስላልተገኘ ሐሰት አይባልም፤ ስሙም አልጠፋም፣ ወደ ሰማይ ሄዷል እንጂ። ደብተራ ቢጠየቅ ግን ጉዳዩ ይለወጣል፤ እርሱ ስሙን ያውቃል፣ ሥሩ በስንት ሰዓትና በየትኛው ቀን እንደሚማስም ያውቃል፤ ስለሚያውቅም አይናገርም። እንግዲህ መርማሪው ከማያውቀው ሰው ረጅም መልስ፣ ከሚያውቀው ሰው ዝምታ ተቀብሎ ሁለቱንም በደብተሩ ያሰፍራል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሲገኝ ብቻ ሁኔታው ይሻሻላል፤ ልጁ "ጋሼ፣ ይሄ ሁመር ነው" ይላል፣ ፍሬውን ሰብሮ አንድ ይበላል፣ አንድ ለጋሼ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ እስክሪብቶ ይጠይቃል።

በአገራችን ስም የጠፋለትን ዕፅ ለመሰየም ሌላ የቆየ ስልትም አለ፤ የታወቀ ነገር ስም ተወስዶ ዕፁ ለአንድ ፍጥረት በባለቤትነት ይመዘገባል። በዚህም መሠረት የጅብ ሽንኩርት፣ የወፍ ቆሎ፣ የምድር እምቧይ፣ የሴት ቀስት የሚባሉ ዕፀዋት በየባለቤቶቻቸው ስም ይኖራሉ። ጅብ ሽንኩርቱን ሲያለማ ወይም ሲበላ ያየ ምስክር አልተገኘም፤ ቢሆንም የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ እንኳ ይዞታውን አልነካበትም።

ስለ ውጭ አገር ሊቃውንትም ጥቂት መናገር ይገባል፤ ምክንያቱም ከእነርሱ አንዱ በዚህ ቆላ በዘመነ ሐጋይ ተገኝቶ ከእግርና ከእጅ ያለፈ አዲስ ስልት ለትምህርቱ አበርክቷልና። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1771 ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ስናር ሲወርድ፣ ከመተማ አጠገብ ባለው በራስ ፊል አገር እስከ መጋቢት 1772 ድረስ ቆይቷል። በዚያም በተቅማጥ በሽታ ክፉኛ ታመመ፤ የአገሩም ሰዎች ዋጊኖስ የሚባለውን ዕፅ የሥር ልጥ ፈጭተው እንዳዳኑት እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ጻፈ። የአውሮፓ ሊቃውንት ብሩስ ስለ አገራችን የጻፈውን ብዙ ነገር ሳያምኑት ቀርተዋል፤ ዋጊኖስን ግን አምነው በስሙ ብሩሲያ ብለውታል። እንግዲህ ዕፅ በዐይን፣ በእግርና በእጅ ብቻ ሳይሆን በሆድም እንደሚታወቅ ያስረዳ እርሱ ነው፤ ይህን ስልት የሚከተል ሰው ግን እምብዛም አልተገኘም። ጀርመናዊው ጌኦርግ ሽቫይንፉርት እ.ኤ.አ. በ1865 በመተማና በገላባት ዙሪያ ዕፅ ሲሰበስብ የቆየው ቅጠል ባለበት በዝናብ ወራት ነው፤ ብልህ ሰው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ቤት ተሠርቶለታል። እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ አበባ የተቋቋመው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ከሊኒየስ አገር ከኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ፣ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፀዋት የሚዘረዝረውን ትልቅ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2009 በስምንት ቅጽ አውጥቷል። ይህን የመሰለውን መጽሐፍ ይዞ በጥር ወር ወደ ገለጉ ጫካ የወረደ ሰው፣ ዕፁን ለይቶ ለማወቅ "የቅጠሉ ጀርባ ጠጉራም ነውን? ከሆነ ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ እለፍ" የሚለውን አንብቦ ቀና ሲል የሚያየው ሰማይ ነው። ጠጉር ያለው ቅጠልም፣ ጠጉር የሌለው ቅጠልም ኅዳር ላይ ወድቋል፤ ምስጥ በልቶታል። ስለዚህ አንዲት ደረቅ ጭራሮ ቆርጦ በአሮጌ ጋዜጣ መካከል ያጋድማታል። የዕፀዋት ናሙና በጋዜጣ መታጠፉ በዓለም ሁሉ የታወቀ ሥርዓት ሲሆን፣ በእኛ አገር ለዚህ አገልግሎት ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን ብዙ ዘመን ደክሟል፤ ጭራሮዋን ለመመርመር ገልጦ ጋዜጣውን አንብቦ የሚዘጋ ተማሪም አይጠፋም።

ስለ ቋራ ዕፀዋት ተናግሮ የቋራውን ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስን፣ አለማንሣት አይቻልም። ባላንጣዎቻቸው እናታቸውን ኮሶ ትሸጥ ነበር እያሉ "የኮሶ ሻጭ ልጅ" ብለው ሰድበዋቸዋል፤ ስድቡም ብዙ ደም አፍስሷል ይባላል። ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው፤ በገለጉ ቆላ አይበቅልም። እንግዲህ ከቋራ ስም ጋር በታሪክ ጎልቶ የተነሣው ዕፅ በዚህ ቆላ የሌለው ነው፤ ያለውን ግን፣ ግማርዳውን፣ ላሎውን፣ ቁርቁራውን፣ ካሣ በሽፍትነት ዘመናቸው ሌሊት ሌሊት በእግራቸው ሳያውቁት አልቀሩም።

የቀረው አቀንጭራ ነው፤ እርሱም በዚህ ሐተታ ከመርማሪዎቹ ወገን ይቈጠር ወይስ ከሚመረመሩት የሚለው እስከ አሁን አልተወሰነም። አቀንጭራ ማሽላ ውስጥ ተደብቆ የሚበቅል፣ ወይን ጠጅ መልክ ያለው አበባ የሚያወጣ፣ ውብ አረም ነው፤ ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ ምግቡን ይነጥቀዋል። አንድ ተክል በአሥር ሺሕ የሚቈጠር፣ ከትቢያ የማይለይ ዘር ያፈራል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ በትዕግሥት ይቆያል፤ የሚበቅለውም የማሽላ ሥር በአጠገቡ ሲያልፍና የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ብቻ ነው። እኛ ደብተርና መጽሐፍ ይዘን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከፊታችን የቆመውን ዛፍ ስም ስንከራከርበት፣ ይህ ፍጥረት ከመሬት በታች በጨለማ፣ ዐይን ሳይኖረው፣ ማሽላን ከሌላው ለይቶ ያውቃል። በኦሮሚያ ወሎንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ይህን የምልክት ልውውጥ መርምረው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል፤ የሥራቸውም ዋና ነገር ማሽላው ዝም እንዲል ማስተማር ነበር።

በጥር ወር ማሽላው ታጭዶ አቀንጭራው ደርቆና ጠቁሮ በአገዳው ሥር ቆሞ ይገኛል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ሰው ከገለጉ ወጣ ባለ አንድ ማሳ ውስጥ ከእነዚህ ጥቁር አገዳዎች አንዱን ለናሙና በጥንቃቄ ነቅሎ፣ ቀኑንና ስፍራውን ጽፎ፣ በጋዜጣ ሲጠቀልል፣ ዞር ብሎ ያየው ባለ ማሳው ከነጎረቤቶቹ መጥቶ ቆመ። በዚያ አገር መድኃኒት ነው ተብሎ የተጠረጠረ ሥር ነቅሎ መሄድ ጥያቄ ስለሚያስነሣ፣ ይቅርታ ለመጠየቅና አንዷን ለትምህርት ብቻ እንደሚወስድ ለማስረዳት አፉን ከፍቶ ነበር።

"አንዷን ብቻ?" አለ ባለ ማሳው፤ "ኧረ ዶክተር፣ አይሆንም፤ ጆንያ እንሰጥሃለን።"

"አህያም አለን" አለ ጎረቤቱ።